የቆጠራው ሳምንት

አባቴ ሌባ የተባለው በእኔ አፍ ምክንያት ነው ብዬ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለራሱ ለአባቴ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ እንዴት ይኖራል የሚል ካለ፣ ይኖራል። ሥራ ይገባል፣ ልብስ ያጥባል፣ ልጅ ያሳድጋል። መጀመሪያ ሰሞን ያንገበግባል፤ እየቆየ ይደነዝዛል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ኩባንያው አራት አውቶቡሶች ብቻ ያሉት የግል ድርጅት ሲሆን አራቱም በአንድ መስመር፣ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ይመላለሳሉ። ጓደኞቹ አባቴን «እንቁላል» ይሉታል፤ ቀስ በቀስ ስለሚነዳ። እሱ አይቀየምም። «በእግሬ እስክሄድ ጠብቁኝ» ይላቸዋል።

የሹፌሮቹ ስብሰባ እኛ ቤት ነበር፤ ለአውቶቡሶቹ ማደሪያ ግቢ የሚቀርበው የኛ ቤት ነበርና። እኔና ታናሽ ወንድሜ አልጋው ላይ ተደርድረን፣ ግድግዳውን ተደግፈን እናዳምጣለን። ክፍሉን የናፍጣና የላብ ሽታ ይሞላዋል። ደመወዝ ከተጨመረላቸው ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ዳቦ ጨምሯል፣ ኪራይ ጨምሯል፣ ደመወዝ ግን ባለበት ቆሟል። አከራያችን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አዲሱን ኪራይ ካልከፈላችሁ ልቀቁልኝ ስላለን፣ እናቴ የምትተኛም የምትነሳም በዚያ ነገር ነበር። የኩባንያው ባለቤት ኪሳራ አለብኝ ይላል ሲባል፣ እንደ ስኳር ወይም እንደ ደም ብዛት ያለ በሽታ መስሎኝ በሆዴ አዘንኩለት።

አባቴ አውቶቡስ ላይ ትኬት የምትቆርጠው ሴት «ሳንቲም» ትባላለች። መልስ ስትመልስ አንዲት ሳንቲም አታጎድልም። ድምጿ ግን ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥም ፌርማታ የምትጠራ ነው የሚመስለው።

«ባዶ ወንበር እያመላለስኩ ከየት አምጥቼ ልጨምርላችሁ ነው የሚለው» አለች አንድ ቀን ገና ከበር ሳትገባ።

«ውሸቱን ነው እንዴ?» አለ አባቴ። «በመስታወት አያለሁ እኮ። ሰው ሥራ ከሚገባበትና ከሚወጣበት ሰዓት በቀር ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።»

«አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?»

«የወንበሩ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ሳንቲም ግን አልሳቀችም። ባለቤቱ የነገራትን አመጣች። መንገደኛ የሚቆጥር ሰው ቀጥሯል፤ ሰኞ ይጀምራል፣ ቅዳሜ ይጨርሳል። በአማካይ በየጉዞው ሠላሳ አምስት ሰው ከተገኘ ደመወዝ ይጨመራል። ካልተገኘ ግን ሁለተኛ ጭማሪ የሚል ቃል እንዳልሰማ ብሏል። አባቴ የጫማውን ክር ሲፈታና ሲያስር ቆየ። ሲያስብ እንደዚያ ነው።

«ወንበሩ ባዶ ነው አይደል የሚለው?» አለ በመጨረሻ። «እንሙላለታ።»

«በምን?» አለች እናቴ።

«በእናንተ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ሳንቲም ጭኗን በጥፊ መታችና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» አለች። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀት ላይ ተደፉ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና፣ ሳምንቱን ሙሉ በአውቶቡስ ስንዞር ልንከርም ነው።

በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የተደሰትኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ታጥበን፣ ንጹህ ልብስ ለብሰን ፌርማታው ላይ እንቆማለን። እናቴ፣ አክስቴ፣ የሌሎቹ ሹፌሮች ሚስቶችና ልጆች፣ ከጎረቤትም ሥራ ፈት ሁሉ። ቆጣሪው አንድ ሰው ስለሆነ፣ ጠዋት አንዱ አውቶቡስ ላይ፣ ከሰዓት ሌላው ላይ ይሆናል። እሱ ያለበት አውቶቡስ በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቱን አብርቶ ይመጣል። መብራት ያላበራው ሲመጣ ዝም ብለን እናሳልፈዋለን፤ ያበራው ሲመጣ እንንጋጋለን። እኔ መብራቱ የሚበራው ለኛ ክብር ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ሙሽራ መኪና።

ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ እንወርዳለን፣ መንገዱን እንሻገራለን፣ ተመልሶ ሲመጣ እንሳፈራለን። እናቴ ሦስት ሻርፕ በቦርሳዋ ይዛ በየጉዞው ትቀይራለች። አክስቴ ደግሞ እንዳልታወቅ ብላ የአባቴን የፀሐይ መነጽር አድርጋ ስትወጣ ደረጃውን ስታ፣ ቆጣሪው ራሱ ክንዷን ይዞ አነሳት። «አይዞዎት እትዬ» አላት። ከዚያ በኋላ እንኳን ሊረሳት፣ በገባች ቁጥር ተነስቶ ሰላም ይላታል። እናቴ በሳቅ ልትሞት ደርሳ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ሳንቲም ለኔም ትኬት ቆረጠችልኝ። የራሴን ትኬት ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ጭን ላይ ነው የምሄደው። ገንዘብ ሲከፈል ግን ዓይኔ አላየም። ሳንቲም እየዞረች ትቆርጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። እንግዳ ስለሆንን በነጻ ነው ብዬ አሰብኩ።

በነጻ አልነበረም። እናቴ ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ልብስ ስናጣጥፍ ነው። አራቱ ሹፌሮችና አራቱ ትኬት ቆራጮች ከየደመወዛቸው ሲሶውን አዋጥተው፣ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ቅዳሜ ዕለት ለሳንቲም አስረክበዋል። አባቴ ነው ሙጭጭ ያለው። ቆጠራውና የትኬቱ ገንዘብ ካልተገናኘ ያውቁብናል፤ አንድም ሰው ያለ ትኬት እንዳይገባ አለ። የኛ ቤት መዋጮ የኪራዩ ገንዘብ ነበር። ጭማሪው ሲመጣ ይተካል ተብሎ ነው። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አንሶላውን አራት ማዕዘን አድርጋ አጥፋ፣ አለስልሳ፣ «ሰው በገዛ ገንዘቡ» ብላ ተወችው።

ቆጣሪው ቀጭን ወጣት ነው። የሸሚዙ ኪስ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለበት። ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አስደግፎ ይቀመጣል። መዳፉ ውስጥ በአውራ ጣት የሚጫናት ትንሽ የብረት ማሽን አለችው። ሰው በገባ ቁጥር ቅጭ ትላለች፣ ቁጥሩ ይጨምራል። ለኔም ቅጭ ይላል። ለእናቴ አንድ፣ ለኔም አንድ። ቤት ውስጥ ልጅ ነኝ፤ እዚያ ግን እንደማንም ሰው ሙሉ አንድ ነኝ። ስለዚህ ወደድኩት።

ሐሙስ ከሰዓት አውቶቡሱ ከመሙላቱ የተነሳ መቀመጫ አጥቼ ቆጣሪው አጠገብ ሸጎጡኝ። አባቴ ከፊታችን ነው፤ ማጅራቱ ላይ ያለውን ላብ አያለሁ። ማሽኗን ሳይ ቆጣሪው አየኝ።

«አንቺ ቆንጆ፣ የት ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«የትም።»

«የትም?»

«እንዞራለን እንጂ የትም አንሄድም» አልኩት። «ሹፌሩ አባቴ ነው። ያቺ ቀይ ሻርፕ ያደረገችው እማዬ ናት፤ ጠዋት ቢጫ ነበር ያደረገችው። መነጽር ያደረገችው አክስቴ ናት። እነዚያ ኋላ ያሉት የሌላው ሹፌር ልጆች ናቸው። ቆጠራው እስኪያልቅ ነው። ቅዳሜ ያልቃል።»

በኩራት ነው የነገርኩት። ቤተሰቤን ለእንግዳ እንደማስተዋውቅ ነበር። ቆጣሪው አየኝ፤ ከዚያ ቀና ብሎ መስታወቱ ውስጥ ያሉትን የአባቴን ዓይኖች አየ። አባቴ ሞተሩ እየጮኸበት ምንም አልሰማም። ቆጣሪው ሳቅ አለ።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አለና ማሽኗን ዘረጋልኝ። «በይ፣ አንዴ ተጫኚያት።»

ተጫንኳት። ቅጭ አለች። ማንም ሳይሳፈር አንድ ሰው ጨመርኩ። እሱ ግን ማሽኗን ተቀብሎኝ እርሳሱን አነሳና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት።

ስንወርድ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ያ ልጅ ምን አለሽ?»

«የት ነው የምትሄጂው አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

ፊቷን ሳይ አንድ ነገር እንዳበላሸሁ ገባኝ። ምኑን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

«አክስቴ ጋ አልኩት» አልኳት።

«እሰይ የኔ ልጅ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እንዲያ ነው ጠንቀቅ ማለት» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። የሳመችኝ ቦታ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ቆጠራው አለቀ። ውጤቱ ሲመጣ ቤታችን እንደገና በሰው ሞላ። አርባ አንድ! በአማካይ በየጉዞው አርባ አንድ ሰው። አባቴ ብብቴን ይዞ ራሴ ጣሪያ እስኪነካ አነሳኝ። ሳንቲም እየጮኸች የምትገዛውን ጫማ ትቆጥራለች። እኔ ሳቅ ብልም ሆዴ አልሳቀም። ያ እርሳስ የጻፈው ነገር አንድ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ።

ባለቤቱ «ቁጥሩን አይቻለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ» አለ። አንድ ወር ታገሱት። በሁለተኛው ወር የአውቶቡሶቹ ግቢ ውስጥ አዲስ ሰው ታየ፤ በእጁ ሰማያዊ ማኅደር ይዟል። ድርጅቱ ተሸጧል ተባለ። እኛም በዚያው ወር ቤቱን ለቀቅን፤ የኪራዩ ገንዘብ ትኬት ሆኖ አልቋል። ከአክስቴ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ገባን። አባቴ ግን ደስ ብሎት ነበር። «ይሄኛው ቢያንስ ወረቀት ያነባል። አርባ አንዱን ካየ እንዴት አይጨምርም?» ይላል።

ወረቀቱንማ አንብቦታል። ገና ከመግዛቱ በፊት አንብቦታል። ቆጠራው ድሮም ለደመወዙ አልነበረም፤ ገዢው የመንገደኛውን ቁጥር ካላየሁ አልገዛም ስላለ የተደረገ ነው። ባለቤቱ ጭማሪውን ያነሳው ሹፌሮቹ በዚያ ሳምንት ሥራ እንዳያቆሙበት ነው። እነሱም የከሰረ መስመር ከኪሳቸው አውጥተው አትራፊ አስመሰሉለት። ሰውየው ያን መስመር በአርባ አንድ ሰው ሒሳብ ሸጦ ሄደ።

አዲሱ ባለቤት አውቶቡሶቹን ነጭ ካስቀባ ከሦስት ወር በኋላ፣ እናቴና እኔ ለአባቴ ምሳ ይዘን ግቢው ገባን። ሹፌሮቹና ቆራጮቹ በቢሮው ደጃፍ ቆመዋል። አዲሱ ባለቤት በረንዳው ላይ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ አባቴን አንቱ እያለ ነው የሚያናግረው።

«እርስዎ ያስረዱኝ» አለ ማኅደሩን ከፍቶ። «እዚህ ላይ በየጉዞው አርባ አንድ ሰው ይላል። በዚያ ሳምንት የተቆጠሩትን ጉዞዎች የትኬት ገንዘብ አስቆጥሬያለሁ፤ ልክ ነው። አሁን ወደ ሣጥኑ የሚገባው የአሥራ ዘጠኝ ሰው ነው። መንገዱ ያው፣ አውቶቡሱ ያው፣ ሹፌሩ ያው። ሃያ ሁለቱ ሰው የት ገባ?»

ስለ እኛ ነው የሚጠይቀው። እኔ፣ እናቴ፣ አክስቴ፣ የሹፌሮቹ ልጆች። ቆጣሪው የነገርኩትን ጽፎለት ይኸው ይጠይቃል አልኩ። እጄን አውጥቼ «እዚህ ነን» ለማለት ዳዳኝ። እናቴ እጄን አጥንቴ እስኪሰማኝ ጨመቀችው።

«አላውቅም» አለ አባቴ።

«አያውቁም?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«እንግዲያው እኔ ልንገርዎት። ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው ገንዘቡ ነው። ሹፌርና ቆራጭ ተካፍላችሁ እየበላችሁት ነው።»

«እኔ? እኔ ነኝ የሰው ገንዘብ የምበላ?» ብላ ሳንቲም ቦርሳዋን መሬት ላይ ገለበጠችው። ዝርዝር ገንዘብ ተንከባለለ። አባቴ በዓይኑ ብቻ «ተይ» አላት። ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች፤ ማንም አላገዛትም።

በዚያው ቀን ስምንቱም ተሰናበቱ። «ሌባ» የሚለውን ቃል አዲሱ ባለቤት አልተናገረውም፤ የስንብት ደብዳቤው ላይ «እምነት በማጉደል» ነው የሚለው። ሌባ ያለው ሰፈሩ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛ እውነት ቢጠራ ግን ይብስ ነበር። አባቴ አፉን ከፍቶ አውቶቡሱን የሞላነው እኛ ነን ቢል፣ ስምንቱም ቤተሰብ በማታለል ወንጀል ይከሰሳል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስለዚህ አላውቅም አለ፤ አላውቅም ያለ ደግሞ ሰርቋል።

እኔ ግን ያኔ የገባኝ በሌላ መንገድ ነው። ሳይከፍሉ መሳፈር ስርቆት ነው። ሳንከፍል ተሳፍረናል። ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሌላ ኩባንያ አባቴን አልቀጠረውም፤ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። የእንጨት መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሳንቲም መንገድ ዳር ካልሲ ትሸጥ ጀመር፤ ከሩቅ ስታየን ፊቷን ታዞራለች። አባቴ ማዕድ ላይ አይናገርም። ቀድሞ ወንድሜን እያሳቀ ነበር የሚበላው፤ አሁን ሳህኑን ብቻ ያያል። በኔ ተቆጥቶ ነው ብዬ አሰብኩ። አወቀ፣ ቆጣሪው ነግሮታል፣ ልጅ ስለሆንኩ ዝም ብሎኝ ነው። ፈራሁት። ቀጥሎ አዘንኩለት። ቀጥሎ ምንም አልተሰማኝም። አፌን ዘጋሁት። ካልተጠየቅኩ አልናገርም፤ ስጠየቅም አጠር አድርጌ ነው። መምህሬ ካርዴ ላይ «ጨዋና ዝምተኛ ልጅ» ብላ ጻፈችልኝ። እናቴ ካርዱን ለዘመድ ሁሉ አሳየችው። ዛሬም ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ሲኖር የኔ ሐሳብ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያው የለኝም እላለሁ።

እናቴ የመዋጮውንም የሽያጩንም ነገር ከነገረችኝ በኋላ እንኳ፣ የማውቀውን ነገር አንዱን ከሌላው ጋር አላገናዘብኩትም። የደነዘዘ ነገር አይነካካም።

ባለፈው ወር አባቴን ዓይኑን ለማሳየት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እናቴ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ወረፋ ስንጠብቅ፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ መጥቶ በእርሳሱ እየጠቆመ በሽተኛ ቆጠረ። አባቴ በዚያ በደከመ ዓይኑ ተከተለው።

«ያ ቆጣሪ ልጅ ትዝ ይልሻል?» አለኝ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ሳምንት ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው።

«ትዝ ይለኛል።»

«የዋህ ልጅ ነበር። ያን ሁሉ ስናደርግ ምንም አልነቃብንም።»

«ነቅቷል አባዬ» አልኩት። «እኔ ነግሬዋለሁ።»

ወደኔ ዞረ። ነገርኩት፤ የትም አንሄድም ማለቴን፣ ቢጫውንና ቀዩን ሻርፕ፣ የአክስቴን መነጽር፣ የሹፌሩን ልጆች፣ ቅዳሜ ያልቃል ማለቴን። ድምፄ አልተለወጠም። የሰው ታሪክ የማነብ ይመስል ነበር። ስጨርስ ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅርታውን ከልቤ ነው የጠየቅኩት፤ ልቤ የት እንዳለ ግን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

አባቴ ዓይኑን ወደዚያ እርሳስ ወደያዘው ወጣት መለሰ።

«እና አልጻፈውም» አለ።

«ጽፎታል እንጂ። ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ለዚያ አይደል የተባረራችሁት?»

«ጽፎት ቢሆን ኖሮማ፣ ሃያ ሁለቱ ሰው የት ገባ ብሎ ይጠይቀን ነበር?»

እኔ ራሴ የምኖረው ቅጽ በመሙላት ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወረደ የሚል ቅጽ ላይ፣ እነዚህ ሰዎች የትም አይሄዱም ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ልጁ የጻፈው ቁጥር ነበር። ምናልባትም ያቺን እኔ የጨመርኳትን አንድ ጭምር።

«ምነው በጻፈው ኖሮ» አለ አባቴ። «ምነው ልጄ። ጭማሪው ይቀርብን ነበር፤ ሌላ ምን ይመጣል? ያን ወረቀት አይቶ ሰውየው አይገዛም። እኔም መሪዬን ይዤ፣ ባዶ ወንበሬን ይዤ እኖር ነበር። ሌባም አልባልም።»

ሸክሙ ሲወርድ ቀላል ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም። የጠቆምኩባቸው መስሎኝ ስኖር፣ የተናገርኩት ሊያድናቸው የሚችለውን ብቸኛ ነገር ነበር፤ የሰማኝ አንድ ሰው ደግሞ ስቆ አሳለፈኝ። አለቀስኩ። እንባው ሲወርድ ከአገጬ ላይ በመዳፌ ስጠርገው ገረመኝ፤ ከልጅነቴ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

«ለአንተ ያኔውኑ ነግሬህ ቢሆንስ?» አልኩት።

አባቴ እኔን ዋሽቶኝ አያውቅም። አሰበበት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ነካካና ቀና አለ።

«እመታሽ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ከመታሁሽ በኋላ ደግሞ ልጁ ጋ ሄጄ፣ አትጻፈው ብዬ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።»